የአያ ምናሉ ማጭድ

በአንድ ወቅት፣ ሐይቅ ዳር በነበረች አንዲት መንደር፣ ከእርሻው የሚወርደው ጎርፍ ቡናማ ሆኖ ወደ ረግረጉ ይገባና ጠርቶ ወደ ሐይቁ ይወጣ ነበር። ለምን እንደሚጠራ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዓሣው ብዙ፣ ውሃውም የሚጠጣ ነበርና ማን ይጠይቃል?

መንደሯ አንድ ሥርዓት ነበራት። ኅዳር ሲገባ ባለ ማጭድ የሚባለው ሰው ከረግረጉ የመጀመሪያውን የደንገል ነዶ ያጭድና አንድ ችካል ይተክላል። ከችካሉ ወዲህ ያለው ደንገል ለታንኳና ለምንጣፍ ይታጨዳል፤ ወዲያ ያለውን የሚነካ የለም። ባለ ማጭዱ አያ ምናሉ ነበሩ። አርባ ዓመት ሲተክሉ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

በአርባ አንደኛው ዓመት ግን ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም። ውሃውን በእግራቸው እየዳበሱ ገቡና ችካሉን ከወትሮው እጅግ አርቀው ተከሉት። ሰው ሁሉ አየ። ሰው ሁሉ «እሳቸው ያውቃሉ» ብሎ ዝም አለ። ደንገሉ እስከ ችካሉ ታጨደ፤ በተራቆተው ቦታም ለታንኳ ማለፊያ ቀጥ ያለ መንገድ ተቆፈረ።

በተከታዩ ክረምት ጎርፉ ሳይጠራ ሐይቁ ገባ። ዝናቡ ማባራት ሲጀምር ዳርቻው አረንጓዴ ሆነ፤ ዓሣው ሞቶ ተንሳፈፈ፤ ውሃውን የጠጡ ሕፃናት ታመሙ። «ከሐይቁ ማዶ ያሉት ሰዎች መርዘውን ነው» ተባለ። ጎረምሶች ዱላ ማንሳት ጀመሩ።

አያ ምናሉ ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

ታላቁ ልየው ዝምተኛ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ከረግረጉ መግቢያና መውጫ ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ጭቃው እስኪዘቅጥ ይጠብቅና ውፍረቱን በሸምበቆ ላይ በቢላ ምልክት ያደርጋል። ጣሪያው ሥር የአሥራ ሁለት ዓመት ሸምበቆ ተሰክቶ ነበር። ጎረምሶቹ ታንኳ ላይ ሊወጡ ሲሉ ሸምበቆዎቹን ታቅፎ ደረሰ።

«እነዚህን እዩ። በየዓመቱ መውጫው ላይ ጭቃ የለም ማለት ይቻላል። ዘንድሮ ግን ከመግቢያው ጋር እኩል ነው። ውሃችንን ያጠራልን የነበረው ደንገሉ ነው፤ የማዶ ሰዎች ምንም አላደረጉም።»

ዱላው ወደቀ። እማማ ጥሩዬ የተባሉ ባልቴት ግን ጠጋ አሉት።

«ልየው፣ ችካሉ ሲተከል አልነበርክም?»

«ነበርኩ።»

«ይኼ እንደሚመጣስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አባቴ ናቸው» አለና አንገቱን ደፋ።

ሁለተኛዋ አንጓች ናት። ረግረጉ መታመሙን ሰማች፤ እንዴት እንደሚድን ግን የሚያውቅ አልነበረም። አሮጌ የከብት ገንዳ አምጥታ ጫፉን በሳች፤ የረግረግ አፈር ሞልታ ትንንሽ ደንገል ተከለችበት። ከዚያ ጎርፍ ከፍግና ከማዳበሪያ ጋር በጥብጣ ታፈስበት ጀመር።

«አንጓችዬ፣ ላሚቱ የት አለች?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

«ረግረጉ ነው ላሜ። ምን እንደሚበላ እያየሁ ነው።»

መጀመሪያ ተሳሳተች። በገንዳዋ እንዳየችው የታንኳውን መንገድ በአንድ በኩል ድፍን አድርገው እንዲዘጉት ለመንደሩ ሰዎች ነገረች። ዘጉት። ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ ኋላ ተመለሰና የእማማ ጥሩዬን የሽንኩርት ማሳ ይዞት ሄደ፤ መንገዱንም መልሰው ከፈቱት። አንጓች አለቀሰች፤ ከቤትም መውጣት አፈረች። በሦስተኛው ቀን ግን ገንዳዋን ትክ ብላ ስታይ አንድ ነገር ገባት፦ ገንዳው ሜዳ ላይ ነው የተቀመጠው፤ የእነሱ ምድር ግን ዘቅዛቃ ነው። ከአንዱ ጫፍ ሥር ድንጋይ ከተተችና ደግማ አፈሰሰች። አንድ ጊዜ ቀጥ ባለ መንገድ፣ አንድ ጊዜ በደንገል መካከል በሚጠማዘዝ መንገድ። የወጣውን ውሃ በሁለት ጠርሙስ ፀሐይ ላይ አኖረችው። የቀጥታው በሰባተኛው ቀን አረንጓዴ ሆነ። የጠመዝማዛው እንደጠራ ቀረ።

«ውሃው ይዘግይ» አለች። «ሲዘገይ ጭቃው ይቀመጣል፤ ፍጉንና ማዳበሪያውን ደንገሉ ይበላዋል። ደንገሉ ካልበላው ሐይቁ ይበላውና ይታመማል።»

ሁሉም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ነገር ግን ኅዳር ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ አያ ምናሉም አላነሱትምና የአምናው ችካል እዚያው ቆሟል። ካልተነሳ ዘንድሮም እስከዚያው ይታጨዳል። ባለ ማጭዱ ሳይሆን ችካል የነካ ሰው ደግሞ ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር በአንድ ገበታ አይበላም።

ሦስተኛው ይበልጣል ዓሣ አጥማጅ ነው። ቀጥ ያለው መንገድ ከደጁ ተነስቶ ሐይቁ ይገባ ስለነበር ከሁሉ የተጠቀመው እሱ ነው። በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ ዳርቻው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ችካሉን ነቀለ።

ዳርቻው ላይ የነበሩት አያ ምናሉ ችካሉ ሲነቀል ሰሙ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ይበልጣል። ተሳስተዋል፣ አባባ። ዓይንዎ አያይም።»

ሰው አፉን ያዘ። አዛውንቱ በበትራቸው መንገዱን እየዳበሱ ብቻቸውን ወደ ቤት ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ታይተው አያውቁም።

ይበልጣል ችካሉን በቀድሞው ቦታ ተከለው። የደንገል ሥር እየተሸከመና እየተከለ፣ አንጓች እንዳሳየችው የውሃውን መሄጃ እያጠማዘዘ፣ የራሱን መንገድ በገዛ እጁ ዘጋ። ዓሣ ለማጥመድ ግማሽ ቀን ዞሮ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ብቻውን በላ።

በሦስተኛው ክረምት ውሃው ጠራ። ሕፃናቱ ዳኑ፤ ዓሣው ተመለሰ።

ነገ ኅዳር ይገባል፤ ማጭዱም ወራሽ ይፈልጋል። አያ ምናሉ ማጭዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሦስቱንም አስጠሩ። አንድ በአንድ እጃቸውን ዳሰሱ፦ የቢላ ጠባሳ ያለበትን የልየውን፣ በጭቃ የተሰነጣጠቀውን የአንጓችን፣ ደንገል የቆራረጠውን የይበልጣልን።

«አንድ እጅ ብቻ ነው ማጭድ የሚይዘው» አሉ። «ጨክኖብኛል ብዬ ይበልጣልን እንዳልነሳው፣ እውነት ተናግሯል። ታዝዞኛል ብዬ ለልየው እንዳልሰጥ፣ መታዘዙ ነው የጎዳን። አንጓች ደግሞ ባትሳሳት ኖሮ ባላወቀች፤ የጥሩዬ ማሳ ግን አልተመለሰም።»

እጃቸው እስካሁን ማጭዱ ላይ ነው። እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ ማጭዱን ለማን ትሰጡ ነበር?