የታሸገው የናፍጣ ክዳን

አንድ የጭነት መኪና የሚነዳ ደባልቄ የሚባል ሾፌር ነበር። መኪናዋ የገበሬዎች ማኅበር ንብረት ናት። ደባልቄ መሪዋን ከጨበጠ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከማኅበሩ ንብረት አንዲት ብሎን ጎደለች ተብሎ አያውቅም። የአካባቢው ሰው ዕቃውን ሲያስጭን "ደባልቄ ከያዘው ደረሰ በለው" ይል ነበር።

ወሬኛ ግን መቼ ያርፋል። አንዱ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ አቶ አግደው ጠጋ ብሎ "ሾፌርዎ ናፍጣ እየቀዳ ለሰው ይሰጣል" ሲል ሹክ አለው። አቶ አግደው "አይተሃል ወይ? መቼ? የት?" ብሎ አልጠየቀም። ደባልቄንም ጠርቶ አላነጋገረውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየውን ትቶ በአንድ ደቂቃ የሰማውን አመነ። ሾፌሩ እረፍት በወጣበት ቀን መኪናዋን ብየዳ ቤት አስወሰዳት፤ የናፍጣውን ታንክ ክዳን በወፍራም ላስቲክ ዙሪያውን አሳሽጎ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ ብረት አስበይዶበት፣ ትልቅ ቁልፍ አስገባበት። መክፈቻውን ኪሱ ከተተ።

ደባልቄ በማግስቱ ሲመጣ ላስቲኩንና ቁልፉን አየ። ማንም ምንም አላለውም። ቢሰድቡት መልስ ይሰጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ግቢ ውስጥ ለተንጠለጠለ ቁልፍ ምን ብሎ ይመልስለታል? ደሙ ፈላ። ዋጥ አደረገውና "ከእንግዲህ ወደዚያ ክዳን እጄን አላቀርብም፣ ዓይኔንም አላዞርም" ብሎ ለራሱ ማለ። አቶ አግደው ናፍጣ አስሞልቶ ሲቆልፍ ደባልቄ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

በዚያው ሳምንት የድንች ዘር መጫን ነበረበት። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ዘሩ ከደጋው ተነሥቶ፣ ውርጭ የማይለየውን ትልቁን ጋራ ተሻግሮ፣ በመስኖ ወደሚለማው ቆላ መውረድ አለበት። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ጋራው ፀሐይ ሳለች ይታለፋል። ፀሐይ ከገባች ውርጩ ይወርዳል፣ ውርጭ የመታው ድንች ደግሞ ዘር አይሆንም።

ከአባላቱ መካከል ወይዘሮ ትጓደድ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ነበረች። ባለፈው ክረምት ማሳዋን ጎርፍ ጠርጎባታል። ዘንድሮ ልጆቿን የምታበላው ከዘጠኝ ጆንያ ዘር በሚገኘው ነው፤ ሌላ ምንም የላትም። መጨረሻ ስለ ደረሰች ጆንያዎቿ ከሁሉ በላይ ተጫኑ። ሸራው አሮጌና አጭር ነውና እነርሱ ጋ ሲደርስ አልበቃ አለ። "ምን ችግር አለው፣ በቀን እናልፋለን" ተባለ። እሷም ከዘሯ ላለመለየት ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና በሊቀመንበሩ መካከል ተቀመጠች።

ሲነጋጋ ተነሡ። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዙ ሞተሩ ተርገፈገፈና ቀጥ አለ። ደባልቄ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ባትሪው ደህና ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ ፈታው፣ ንጹሕ ነው። የፖምፓውን ብሎን አላልቶ በእጁ ሲገፋ ግን ናፍጣው ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይመጣም። ከወዲያ የመጣ ሌላ ሾፌር እንደ መንገድ ወጉ ቆመና "ናፍጣው በብርድ ረግቶባችሁ ነው፤ ከታንኩ ሥር እሳት አንድዱና አሙቁት" ብሏቸው ሄደ። ጭራሮ ለቅመው አነደዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናዋ ተነሣች።

"አላልኩም?" አለ አቶ አግደው እጁን እያራገፈ። "ያረጀች መኪና ብርድ አትችልም።"

ብዙም ሳይሄዱ ደግማ ቆመች። እንደገና እሳት ሊያነዱ ሞከሩ፤ ነፋሱ እያጠፋ አስቸገራቸው፣ ጭሱ ብቻ ቀረ። መኪናዋ ግን እንደ ቅድሙ አንድ ሰዓት ቆይታ ተነሣች። ይሄኔ ደባልቄ ነገሩ ከነከነው። እሳት ሳይነድ ከተነሣች ያስነሣት እሳት አይደለም። መቆሟ ነው። ስትቆም የምታገኘው፣ ስትሄድ የሚያልቅባት ምንድን ነው?

እንዲህ ስትነሣ ስትቆም ቀኑ ተጋመሰ፤ ከሰዓት በኋላ ደግማ ስትቆም ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ነቅሎ አውራ ጣቱን አፉ ላይ አስጠጋ። ቱቦው ናፍጣ በመስጠት ፈንታ ጣቱን ወደ ውስጥ ሳበው። ገባው። ክዳኑ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ናፍጣው በወጣ ቁጥር አየር በእሷ ይገባል። ያቺ ቀዳዳ በላስቲክ ታፍናለች። ታንኩ አየር ሲያጥረው ናፍጣውን መልሶ ይይዘዋል። ስትቆም በላስቲኩ ዳር ባለች ስንጥቅ ቀስ በቀስ አየር ይገባና ትነሣለች። መኪናዋ አላረጀችም፤ ታንቃለች።

ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር። ደባልቄ አንድ ቃል ቢናገር ያበቃ ነበር። ግን ያ ቃል የሚናገረው ስለዚያ ክዳን ነው። ቱቦውን መለሰ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ድንጋይ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። "የቆለፈው ሰው ይድረስበት" አለ በልቡ። "ሌባ ያለኝ ሰው መፍትሔውን ከእኔ አፍ ይጠብቅ?"

አቶ አግደው እሳት አስነደደ። ተነሡ፤ ቆሙ። ደግሞ አስነደደ፤ ተነሡ፤ ቆሙ። ደባልቄ ሁለቱንም ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተመለከተ። ሊቀመንበሩ ከታንኩ ሥር ተንበርክኮ፣ ዓይኑ በጭስ እያለቀሰ እፍ ሲል ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሳምንት እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ፀሐይዋ ጋራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ትጓደድ ጭነቱ ላይ ወጣች። የለበሰችውን ጋቢ አውልቃ ጆንያዎቿ ላይ ማልበስ ጀመረች። ትንሽ ስለሆነ አንዱን ስትሸፍን ሌላው ይገለጣል።

"እትዬ ትጓደድ፣ ምን እያደረጉ ነው? ብርዱ ይገድልዎታል" አላት ደባልቄ።

"እኔስ እሳቱ ዳር እሞቃለሁ" አለች ቀና ሳትል። "ዘሩ የት ሄዶ ይሙቅ?"

ደባልቄ ከድንጋዩ ተነሣ። ወደ አቶ አግደው ሄደና "ክዳኑን ይክፈቱት" አለው።

"አሃ፣ ነገሩ ወዲህ ነው!" አለ አቶ አግደው። "ከጠዋት ጀምሮ የምታጉላላን ይህን ፈልገህ ኖሯል?"

"መክፈቻውን ለእኔ አይስጡኝ። እርስዎ ይክፈቱት፤ እኔ እዚያ ማዶ እቆማለሁ። ካላመኑኝ እጄን ይሰሩት። ብቻ ይክፈቱት።"

ይህን ብሎ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆመ። አቶ አግደው እያጉረመረመ ቁልፉን ፈታ። ክዳኑን ሲያላላው ታንኩ ሽ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ደባልቄ ጋቢና ገብቶ ቢያስነሣት በአንዴ ተነሣች። ክዳኑን ትተው የታንኩን አፍ በጨርቅ ሸፍነው ጋራውን ያለ አንዳች መቆም ተሻገሩት። ግን ፀሐይ ገብታለች፣ ውርጩም ወርዷል።

ጠዋት ቆላ ሲደርሱ አባላቱ ተሰብስበው ማራገፍ ጀመሩ። ሸራው ሥር ያለው ዘር ደህና ነው። ከላይ ያሉት ዘጠኙ ጆንያዎች ሲፈቱ ድንቹ ጠቁሯል፤ በጣት ሲጫኑት ውሃ ይተፋል። ከዘጠኙ ሁለት ተረፈ።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለ አቶ አግደው ጉሮሮውን ጠርጎ። "መኪናዋ አርጅታ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚያ ይጻፍ።"

ደባልቄ ከዚህ በላይ አልቻለም። ስለ ጥርጣሬው፣ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ ቁልፉ አንድ ሳያስቀር በሰው ፊት ተናገረ። "ያላረጀችውን አረጀች፣ ያልሰረቀውን ሰረቀ እያላችሁ እስከ መቼ ነው?" አለ። ሰዉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። አቶ አግደው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። አንዳንዱ መጥቶ የደባልቄን ትከሻ ቸብ አደረገ። ደባልቄ ደረቱ ቀለል አለው፤ ስሙ ተመለሰለት። ወይዘሮ ትጓደድም አንድ ነገር ትለኛለች ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

እሷ ከጆንያዎቿ ዳር ቁጢጥ ብላ የረጠበ ድንች በእጇ ይዛለች።

"ደባልቄ፣ የክዳኑን ነገር ያወቅኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አለችው።

"ዘጠኝ ሰዓት ገደማ" አለ።

"ያን ጊዜ ፀሐይ ነበረች" አለች።

የረጠበውን ድንች ወደ ጆንያው መለሰችው። ደባልቄም ያን ቀን ትከሻውን የነካው ሰው ሁሉ እጁ ከበደው።

ወገኖቼ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ሁለት ነው፤ አንዱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው አልሰማውም ማለት ነው። ሹክሹክታ ሰምቶ፣ ሳይጠይቅ ሳያጣራ፣ የሚሠራን ሰው መተንፈሻ የሚያሳጣ አለቃ ሥራው ሲቆም "አርጅቶ ነው፣ ሰንፎ ነው" እያለ ማመካኘቱ ነውር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤቱ ሞልቷል። የተበደለውም ሰው ቢቆጣ እውነት አለው፤ ማንም አትቆጣ ሊለው አይገባም። ግን የደባልቄ ዝምታ የቀጣው አቶ አግደውን አይደለም። አቶ አግደው የሸተተው ጭስ ብቻ ነው። ቅጣቱን የተቀበለችው ምንም ያልበደለችው፣ ዘሯን ከላይ የጫነችው ሴት ናት።

እስቲ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ከአንዱ ጋር ተኮራርፈን፣ መናገር እየቻልን ዝም ባልንበት ነገር፣ አሁን በዚህች ሰዓት የማን ዘር ውርጭ እየመታው ነው?