ባለጥሩንባውና እንስራ ሠሪዋ ላቀች

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት፤ ንገሪን በእውነት።»

በእውነት አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ተረት አያስቅም። እኔም ሳወራው ደሜ ይፈላል። ብቆጣም አትፍሩኝ፤ ቁጣዬ በእናንተ አይደለም።

በድሮ ዘመን፣ ወይራ ምንጭ በምትባል አገር፣ ላቀች የምትባል እንስራ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከልጇ ከድንቄ ጋር ትኖር ነበር። አፈሩን ራሷ ትቆፍራለች፤ ራሷ ትነፋለች፤ ራሷ ትረግጣለች። ከዚያም በእጇ ታበጀዋለች፣ በድንጋይ ታለሰልሰዋለች፣ በጥላ ታደርቀዋለች። ሲደርቅም በኩበት እሳት ታቃጥለዋለች። እሳቱ ልብ ድረስ ካልገባ ሸክላ ሸክላ አይሆንም፣ ጭቃ ነው ትል ነበር።

የወይራ ምንጭ ወንዝ ገደል ውስጥ ነው። ሴቶቹ በጠባብ መንገድ ወርደው ይቀዱና እንስራውን በጀርባቸው አዝለው ይወጣሉ። እንስራው መንገድ ላይ ከፈነዳ ያዘለችውም ገደል ገባች ማለት ነው። ስለዚህ በቅዳሜ ገበያ እንስራ የምትገዛ ሴት ሁሉ በጣቷ አንጓ ታንኳኳው ነበር። ጥርት ብሎ ከጮኸ ትገዛለች። ድምፁ ከደነዘዘ ትታው ትሄዳለች። የላቀች እንስራ ደንዝዞ አያውቅም።

ነገር ግን ልጆቼ፣ የዚያች አገር ሰዎች አንድ ክፉ አመል ነበረባቸው። እንስራውን ይወዳሉ፤ የሠራችውን ሴት ይጠላሉ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል ይሉ ነበር። ገበያ ላይ ከዳር፣ ከቆዳ ፋቂው ጎን ያስቀምጧታል። እናቶች እሷ ጋ ሲደርሱ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። አሞሌ ጨዉን መሬት ላይ ይጥሉላታል እንጂ በእጇ አይሰጧትም። ከእጇ ውሃ አይቀበሉም። ትልቁም ትንሹም አንቺ ይላታል። እና ይኼ ሁሉ ውሸት ነው። የሰው ዓይን ሰው አይበላም። ሰው የሚበላው ሌላ ነው፤ እሱንም አሁን ትሰሙታላችሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሽበሺ የሚባል ሰው መጣ። ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ የለም። ረጅም የቀንድ ጥሩንባና ብዙ አህዮች ነበሩት። ከገበያው ሜዳ በላይ ካለው ጉብታ ወጣና ነፋ። ድምፁ ሰባት ተራራ ተሻገረ። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ሽበሺም ከእንግዲህ ገበያ ለመውረድ አትድከሙ አላቸው። ሻጭ ያለውን ይንገረኝ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እጠራለታለሁ። ገዢም ከደጁ ሆኖ ይመልስልኝ፣ አህዮቼ ያደርሱለታል። ለድካምህ ምን እንክፈልህ ቢሉት፣ ምርቃታችሁ ይበቃኛል አለ። ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። የማን ልጅ ነህ ያለው የለም። አንዲት ዶሮ ለመግዛት ክንፏን ገልጠው የሚያዩ ሰዎች፣ ገበያቸውን ሙሉ ለማያውቁት ሰው ሰጡ።

ከዚያም ሽበሺ ወደ ላቀች ቤት ወረደ። ደጃፏ ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና እንዲህ አላት፦ «እመቤቴ፣ ይኼ ሰው እንስራዎን እንጂ እርስዎን አይወድም። በየቅዳሜው ለምን ይሰደባሉ? ለእኔ ይስጡኝ፤ ስምዎን ሳልጠራ እሸጥልዎታለሁ። ፊትዎን የሚያይ የለም፣ የሚተፋብዎትም የለም።»

በሕይወቷ እርስዎ ያላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ላቀች ሌሊቱን ሙሉ አሰበች። ልጇ ድንቄም ገበያ መሄድ ጠልታ ነበር፤ እኩዮቿ ባዩዋት ቁጥር አሸዋ ይበትኑባታል። ስለዚህ እሺ አለችው። አትፍረዱባት። ቁስል ያለበት ሰው ጥላ ሲያገኝ የማን ዛፍ ነው ብሎ አይጠይቅም።

መጀመሪያ መልካም ነበር። ሽበሺ በማለዳ ይነፋል፣ እንስራ ያላችሁ እንስራ የምትሹ ይላል፣ አህዮቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ላቀች ሳትሰደብ ሸጠች። ገዢዎቹም ደስ አላቸው፤ የሸክላ ሠሪዋን ፊት ሳያዩ ሸክላዋን አገኙ። ከደጃቸው ስለሚመጣላቸውም ማንኳኳቱን ተዉት። ገበያው ሜዳ ላይ ሣር በቀለ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይገናኝ ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል፣ የሞተ ይነገራል፣ ልጅ ይታጫል። ያ ሁሉ ቀረ። ሰው ጎረቤቱ መሞቱን እንኳ የሚሰማው ከተቀበረ በኋላ ሆነ።

ገበያው መሞቱን ሽበሺ ባየ ጊዜ አመሉን ለወጠ። ለአህዮቹ መኖ ብሎ ከላቀች እንስራዎች አንድ ወሰደ። ከዚያም ሁለት ወሰደ። ከዚያም ማለዳ እንድጠራልሽ ከፈለግሽ ጨምሪ አላት፤ ካልጨመርሽ የምጠራልሽ በቀትር ነው፣ በቀትር ደግሞ ሰው ይተኛል። እርስዎ ማለቱንም ተወ። ጉብታው ላይ ሴቶች ሰብስቦ፣ ገዝተው የማያውቁትን ዕቃ ገዝቼ ጠቀመኝ እያሉ እንዲጮኹ አደረገ። ጩኸታቸውን የሰማ ሁሉ አመነ።

ደግሞ ከወዲያኛው ጉብታ ሌላ ሰው ነጋሪት ይዞ መጣ። ሰው ይኼን ጊዜ ደስ አለው። ሁለቱ ሲፎካከሩ እኛ እንጠቀማለን አለ። ባለነጋሪቱ ለገዢ ጨው መረቀ፤ ሽበሺ ደግሞ ጨውና በርበሬ መረቀ። ለጋሶች ናቸው ተባለ። ጨዉም በርበሬውም የሚቆረጠው ከላቀችና ከመሰሎቿ ዋጋ ላይ መሆኑን ማን ጠየቀ? ማንም አልጠየቀም። ከዚያም አንድ ማለዳ ነጋሪቱም ጥሩንባውም ከአንድ ጉብታ ተሰሙ። ሽበሺ ባለነጋሪቱን ከነነጋሪቱ ገዝቶት ነበር። በዚያው ቀን ጨዉም በርበሬውም ቀረ።

ሽበሺ ገዢ የሚወደው ምን ዓይነት እንስራ እንደሆነ ከላቀች ተምሮ ነበር። ስለዚህ ከተራራው ማዶ ችግረኞችን ሰብስቦ ቁርጥ የላቀችን የመሰለ እንስራ አሠራ። ገሉ ስስ ነው። በጭድ እሳት ለብ ያደርጉታል እንጂ አያቃጥሉትም። ጥላሸትና ቅቤ ቀብተው ያብለጨልጩታል። በእነዚያ ችግረኞች አልፈርድም፤ ለቁራሽ እንጀራ ነው የሠሩት። ሽበሺም ያንን በግማሽ ዋጋ ማለዳ ይጠራል፤ የላቀችን በቀትር ይጠራል። አሮጌውን መልሱ አዲሱን ውሰዱ ስላለም፣ ሰው ሁሉ የላቀችን ደህና እንስራ እያስረከበ ብልጭልጩን ወሰደ።

ላቀች ጉብታው ላይ ወጥታ፣ እንግዲህ ስሜን ጠርተህ ሽጥልኝ፣ የእኔ የትኛው እንደሆነ ሰው ይወቅ ብላ ለመነችው። እሱም ሳቀባት። ስምሽን ላልጠራ አይደል የተዋዋልነው አላት። እንስራዎቿን አዝላ ቅዳሜ ገበያው ሜዳ ወረደች። ከቆዳ ፋቂው በቀር ማንም አልነበረም። እሱም ቆዳውን አጣጥፎ ሊሄድ ሲል ደረሰች። ሁለቱ ተያይተው ተለያዩ።

ከዚያም የተፈራው ሆነ። እንጉዳይ የምትባል የልጅ እናት ነበረች፤ የእትዬ ብርቄ ምራት። ከሽበሺ የገዛችውን እንስራ ሞልታ ገደሉን ስትወጣ እንስራው ጀርባዋ ላይ ፈነዳ። ድንጋዩ ረጠበ፣ እግሯ ከዳት፣ ተንከባልላ ወደቀች። ቁጥቋጦ ባይዛት ሞታ ነበር። ጭኗ ተሰብሮ በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት።

አማቷ እትዬ ብርቄ እያለቀሰች ወደ ሽበሺ ሮጠች። ሽበሺ ከመቀመጫው አልተነሳም። እንዲህም አላት፦ «እኔ ጭቃ አልረገጥሁም፣ ሸክላም አላቃጠልሁም። የእኔ ሥራ መጮህ ብቻ ነው። ሸክላ ሠሪ ስትፈልጉ ቤቷን ታውቁታላችሁ።»

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ዋጋውን ሲወስድ ሻጩ እሱ ነው። ጭን ሲሰበር ግን እሱ አፍ ብቻ ነው።

እትዬ ብርቄም የላቀች ዓይን ነው ምራቴን የጣላት እያለች አገሩን አዳረሰች። ሰው ለማመን አልዘገየም፤ ድሮም ይዞት የነበረ ነገር ነው። የአገሩ ጭቃ ሹም አያልነህም አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ ማለት እንዲህ ነው፦ የአገሩ ሰው ሁሉ እሾህ አጥር ውስጥ ይገባል፣ ጥፋተኛው ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በላቀች ከተፈረደ ቤቷ ይቃጠላል፤ እሷም ከነልጇ ከአገር ትወጣለች። አጥሩም የተሠራው ከቤቷ አጠገብ ነበር። ሽበሺ ግን አልተጠራም። በወይራ ምንጭ ቤት የለውምና ሥርዓቱ አይዘውም ተባለ። አያችሁ? ገበያቸውን ሁሉ ሰጥተውታል፤ ለፍርድ ሲሆን ግን የአገራችን ሰው አይደለም አሉ።

ሰው ተሰበሰበ። እንጉዳይም በቃሬዛ መጥታ ጥላ ሥር ተኛች። አንዱ ላቀች ሕፃን አይታበት እንደታመመ ተናገረ። ሌላው ላሙ ወተት እንዳቆመች ተናገረ። ላቀች ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ፀሐዩም በረታ። ሰው ሁሉ ተጠማ።

ጭቃ ሹሙም ከየቤቱ ውሃ ይምጣ ብሎ ሴቶች ላከ። የመጀመሪያዋ የእትዬ ብርቄን እንስራ አዝላ መጣች፤ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈስሶ፣ ግማሹም ሳይቀዳ አጥሩ በር ላይ ሥሩ ወለቀ። የሁለተኛዋ ጆሮው እጇ ላይ ቀረ። የሦስተኛዋ ላብ እንደሚያልበው ሰው ዙሪያውን ሲያዥ ቆይቶ ባዶውን ደረሰ። ሌላ እንስራ የለም፤ አሮጌውን ሁሉ ለሽበሺ መልሰዋል። ወንዙ ሩቅ ነው። ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ። ይኼን ጊዜ ከሴቶቹ ጋር ወጥታ የነበረችው ድንቄ ከቤታቸው ለእናቷ ውሃ ይዛ ገባች። ጀርባዋ ደረቅ ነው። እንስራውን ስታወርደው ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ሰው ሁሉ አንዴ እንስራውን ያያል፣ መሬት ያያል።

ላቀች ተነሳች። በቅል ቀዳችና መጀመሪያ ራሷ ጠጣች። ለልጇ ሰጠች። ከዚያም ለሕፃናቱ እናቶቻቸውን ሳትጠይቅ አጠጣች፤ እናቶቹም አልከለከሏትም። ቀጥላ እንዲህ አለች፦

«ውሃ አለ። ለትልቅ ሰው ግን ይኼን ውሃ በጥሩንባ አልጠራም፣ በአህያም አልልክም። ፊቴን ላለማየት ብላችሁ ከአፍ ገዛችሁ። እኔም ፊቴን መደበቅ መስሎኝ ስሜን ሸጥሁ። በቃኝ። የጠማው ይምጣ፤ ዓይኔን ይይ፣ በስሜ ይጥራኝ፣ ከእጄ ይቀበል። ዓይኔ የሚበላው ከሆነ እዚሁ ይብላው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ ከቃሬዛው ላይ ድምፅ ተሰማ። እንጉዳይ ነበረች። «እትዬ ላቀች» አለች፣ «እኔን ያጠጡኝ። እኔን የጣለኝ ዓይን አይደለም። ስባሪው ጀርባዬ ላይ ሲሟሟ ተሰምቶኛል፤ ጥሬ ጭቃ ነበር።»

እትዬ ብርቄ ዝም በይ አለቻት። እንጉዳይ ዝም አላለችም። ላቀችም ሄዳ የእንጉዳይን ራስ ቀና አድርጋ አጠጣቻት። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ተያዩ። እንጉዳይ ጠጥታ ጨረሰች፣ ይጨመርልኝ አለች፣ ደግማ ጠጣች። ሰው ትሞታለች ብሎ ሲጠብቅ አፏን ጠርጋ ጋደም አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ አንድ እያለ ሰው ተነሳ። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ቀረበ፤ ላቀች ቀና እስኪል ድረስ ቅሉን አልሰጠችውም። አንዳንዱ ስሟን አያውቀውም ነበር። ስንት ዘመን በእንስራዋ ሲጠጣ ኖሮ ስሟን ከጎረቤቱ ጠየቀ። ይኼን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጭቃ ሹሙ አያልነህ መጨረሻ ላይ መጣ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ቆመና እንደ ልማዱ አንቺ ሊላት ከጀለ። እሷም ጠበቀችው። እሱም ኩታውን አስተካክሎ አጣፋና፦ «ወይዘሮ ላቀች፣ ውሃ ይስጡኝ» አለ።

ሰጠችው፣ ጠጣ። ጠጥቶም ወደ ሰዉ ዞሮ፣ ጥፋተኛው ከአጥሩ ውጭ ነው፣ ከአጥሩ ውጭ ያስቀመጥነውም እኛ ነን ብሎ ፈረደ። በሩም ተከፈተ። እትዬ ብርቄ ብቻ አልጠጣችም። ጉሮሮዋ እንደ ደረቀ ወጣች፤ በማግስቱም ከጉብታው ሌላ እንስራ አስመጣች ይባላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ተረትም አይበጀውም።

ሽበሺስ? አልሞተም። ተረት ሲሆን ክፉው ይሞታል፤ ይኼኛው ግን ዛሬም ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየሄደ ይነፋል። ላቀች ግን የአገሩ ሰው ቅዳሜ ወደ ገበያው ይመለሱልን ብሎ ሽማግሌ ሲልክባት፣ እመጣለሁ፣ ከዳር ግን አልቀመጥም አለች። በቅዳሜውም እንስራዎቿን አዝላ ሣሩን እየረገጠች ሜዳው መካከል ገባች። ቆዳ ፋቂውንም ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠችው።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።
ቆሎም ይሁን ዳቦ ቆርሳችሁ ስጡኝ፤
በሰው እጅ አትላኩ፣ ፊቴን እያያችሁ አጉርሱኝ።