የአቶ አስፋቸው መርፌ

ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ አፏ ከመርፌዋ ይበልጥ ይወጋል። የሆስፒታሉ ኃላፊ አቶ አስፋቸው ሰው መቅጠር አይወዱም። አንድ ቀን አዳር ሠርታ ልትወጣ ስትል በር ላይ ያዟት።

«ተተኪ የለም፣ እዚሁ ትውያለሽ!»

«ጌታዬ፣ ልጄ ጡት አልጣለችም።»

«ነርስ ደከመኝ አይልም!»

ልጅቷን ያባበልኩ እኔ ነኝ፣ ጩኸቷ ለጠላት!

ረፋዱ ላይ አቶ አስፋቸውን ወገባቸውን አመማቸውና መርፌ ሊወጉ መጥተው እሷ ፊት ተጋደሙ። ስታዛጋ ሲያዩ ሱሪያቸውን ጨብጠው ተነሡ።

«አንቺማ እጅሽ ይንቀጠቀጣል! እንቅልፍ የጠገበ ሰው ጥሪልኝ!»

መርፌውን ዘረጋችላቸው። «እዚህ ግቢ እንቅልፍ የጠገቡት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እንኩ፣ ራስዎን ይውጉ።»

በሳምንቱ ተተኪ ተቀጠረ። ለእሷ አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ ለገዛ መቀመጫቸው ፈርተው ነው።