በእንየው ራስ ላይ የታሰበችው ቀዳዳ

ተረት ልጀምር ነው። በሰው ሲሳይ ቀንቶ የማያውቅ ወደ ፊት ጠጋ ይበል! ... ማንም አልተነቃነቀም? ደግ። ተረቱ የእናንተው ነውና እዚያው ሆናችሁ ስሙ።

አንሙት የሚባል ሣር ከዳኝ ነበር። እሱ በከደነው ቤት ላይ ዝናብ ሲመጣ አንኳኩቶ፣ መግቢያ ሲያጣ፣ ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳል ይባላል። እጁ እንዲህ ወርቅ ነው። ሆዱ ግን ቅናት የተጎለተበት ምድጃ ነው። ጎረቤቱ አነጥሶ "ይማርህ" ከተባለ፣ "እኔስ መቼ ነው የማነጥሰው?" ብሎ ሦስት ቀን ያኮርፋል።

ታዲያ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አርጅቶ ኖሮ ደቦ ተጠራ። አንሙት ዶሮ ሳይጮህ ደረሰ፤ እንዲያውም ዶሮውን የቀሰቀሰው እሱ ነው። ገመድ ገማጁ ላቀው ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ቀጥቃጩ ቢያድግልኝ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ውኃ ቀጂዋ እትዬ የውብዳር ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሥራው ሁሉ አልቆ አንዲት ቀዳዳ ስትቀር፣ ቄሰ ገበዙ አባ ምሕረቱ ከገበያው ሾላ ሥር አንድ ሰው ይዘው መጡ። ግራ እጁ የሰለለው እንየው ነው። እንየው በደህና እጁ አንድ እቅፍ ሣር ለአንሙት አቀበለ። በቃ፤ ይኸው ነው ሥራው።

አባ ምሕረቱም ሙልሙል ማደል ጀመሩ። ከማን ጀመሩ? ከእንየው! አንድ ሙሉ ሙልሙል። ለእትዬ የውብዳር አንድ። ለቢያድግልኝ አንድ። ለላቀው አንድ። አንሙት ይህን ከጣሪያ ላይ ሆኖ ሲያይ፣ "ለእንየው አንድ ከሆነ ለእኔማ መሶቡን ነው የሚያሸክሙኝ" ብሎ ተንሸራቶ ወረደ። ደረሰው፤ አንድ። በስንዝር ለካው። አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት። የእንየውን በዓይኑ ለካው። አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት!

"አባቴ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?"

"ምነው ልጄ፣ ሙልሙልህ ጎደለ?"

"የእኔስ አልጎደለም። የሱ ነው የሞላብኝ!"

አባ ምሕረቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ይህን አቤቱታ ከአንተ በፊት ያቀረቡ ሠራተኞች ነበሩ። ምን እንደተባሉ እሁድ ና፣ እነግርሃለሁ።"

አንሙት ጣሪያው ላይ ተመልሶ ወጣ። ጀርባውን ለመቅደሱ፣ ፊቱን ለሜዳው ሰጥቶ ቁጭ አለ። "እኔ ሳስቀድስ የምቆመው ከበሩ በስተግራ፤ እንየው የሚቆመው ከበሩ በስተቀኝ" ብሎ በስንዝር ለካ። በቀኙ ያለችውን የመጨረሻዋን ቀዳዳ እንዳፈጠጠች ተዋት። የተረፈችውን ገመድ በግራው በኩል፣ በራሱ ቦታ አናት ላይ፣ ሦስት ጊዜ ደራርቦ ጠፈረባት። ወረደና "ጨረስኩ!" አለ።

እሁድ ደረሰ፤ ዝናቡም አብሮ ደረሰ። አንሙት ማልዶ ገባና ፊቱን ወደ መቅደሱ አዙሮ፣ መቋሚያውን ተደግፎ በቦታው ቆመ። ወይ ጉድ! ፊት ሲዞር ቀኝ ግራ፣ ግራም ቀኝ ይሆናል ለካ! ጠብ አለ አናቱ ላይ። ማዶ ቢያይ እንየው እንደ ጎተራ እህል ደርቆ ቆሟል።

አባ ምሕረቱ ማስተማር ጀመሩ። "አንድ የወይን ቦታ ያለው ጌታ በማለዳ ሠራተኛ ቀጠረ።" ጠብ! "በሦስት ሰዓት ቀጠረ።" ጠብ! "በስድስት፣ በዘጠኝ ቀጠረ።" ጠብ! ጠብ! "በዐሥራ አንድ ሰዓት ወጥቶ የቆሙ ሰዎች አገኘ። 'ስለ ምን ሥራ ፈታችሁ?' ቢላቸው፣ 'የሚቀጥረን አጥተን' አሉት። እነሱንም አስገባ፤ ሲመሽም ለሁሉም እኩል ሰጠ። የማለዳዎቹ ሲያጉረመርሙ፣ 'እኔ ቸር ብሆን፣ የእናንተ ዓይን ለምን ይቀላል?' አላቸው።" ጠብ! ይህችኛዋ ዓይኑ ውስጥ ገባች።

ቅዳሴው ሲያልቅ አንሙት በዝናብ ከተመታች ዶሮ አይለይም። የገብርኤል ንግሥ ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ነው፤ ሳምንት ቀርቶታል። አገር ሁሉ መጥቶ በዚያች ቀዳዳ ሥር ሊቆም ነው። "ማነው የከደነው?" ሊባል ነው። አንሙት ደግሞ ከስሙ ሌላ ሀብት የለውም። ቀዳዳዋን ለመድፈን የሚያስፈልገው አንዲት ክንድ ገመድ ብቻ ናት። ግን ያገሩ ገመድ ሁሉ ጣሪያው ላይ አልቋል።

ወደ ላቀው ሄደ። "ላቀው ወንድሜ፣ አንድ ክንድ ገመድ ገምድልኝ። ጣሪያው ላይ አይጥ ገመዱን በልታብኝ ነው።"

ላቀው ፊቱን አዞረ። "አልገምድም! እኔ በሦስት ሰዓት መጥቼ መዳፌ ተልጦ፣ በስድስት ሰዓት የመጣው ቀጥቃጭ እኩል ይገምጥ? ቃጫ የምፍቅበት ቢላዋ ደንዟል። እስቲ እሱ ቢላዋውን ይቀጥቅጥልኝ፤ ያኔ እገምዳለሁ።"

ቢላዋው ካልተቀጠቀጠ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ክዳን የለ፤ የአንሙት አናት ላይ ጠብ! ጠብ!

ወደ ቀጥቃጩ ሄደ። "ቢያድግልኝ፣ ይህን ቢላዋ ቀጥቅጥልኝ። ላቀው ባንተ ቀንቶ አልገምድም አለኝ። ጣሪያው ላይ ሽኮኮ ገመዱን በልታብኝ ነው።" አይጧ አደገች።

ቀጥቃጩ መዶሻውን ጣለ። "አልቀጠቅጥም! እኔ በስድስት ሰዓት መጥቼ ሦስት መጥረቢያ አግዬ፣ በዘጠኝ ሰዓት የመጣች ውኃ ቀጂ እኩል ትብላ? ብረት በውኃ ካልተነከረ ስለት አይዝም። እስቲ እሷ ውኃ ታምጣ፤ ያኔ እቀጠቅጣለሁ።"

"ዝናቡ ይኸው እየወረደ አይደል?"

"ብረት የዝናብ ውኃ አይወድም፤ ያኮርፋል።"

ሰው አልሠራም ካለ ሰማይ ቢቀደድም ውኃ የለም ይላል።

ውኃ ካልመጣ ቢላዋ አይቀጠቀጥ፤ ቢላዋው ካልተቀጠቀጠ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ክዳን የለ፤ የአንሙት አናት ላይ ጠብ! ጠብ!

ወደ ውኃ ቀጂዋ ሄደ። "እትዬ የውብዳር፣ በእመብርሃን፣ አንድ እንስራ ውኃ ቅጅልኝ። ቀጥቃጩ ባንቺ ቀንቶ አልቀጠቅጥም አለ፤ ላቀው በቀጥቃጩ ቀንቶ አልገምድም አለ። ጣሪያው ላይ ዝንጀሮ ገመዱን በልታብኝ ነው።"

"ዝንጀሮ ገመድ በላች? አንተ ደግሞ!" አለች እትዬ የውብዳር፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና። "አልቀዳም! እኔ በዘጠኝ ሰዓት መጥቼ፣ አራት እንስራ ተሸክሜ ጀርባዬ ተልጦ፣ ያ በዐሥራ አንድ ሰዓት የመጣው እንየው ሣር አቅፎ ስላቀበለ ሙልሙል ይግመጥ? ጎርፍ ያመጣው ቋጥኝ የምንጩን አፍ ዘግቶታል። እስቲ እሱ ቋጥኙን ያንሳልኝ፤ ያኔ እቀዳለሁ።"

"በአንድ እጁ?"

"ሙልሙሉን በስንት እጁ በላው?"

ቋጥኙ ካልተነሣ ውኃ አይቀዳ፤ ውኃ ካልመጣ ቢላዋ አይቀጠቀጥ፤ ቢላዋው ካልተቀጠቀጠ ገመድ የለ፤ ገመድ ከሌለ ክዳን የለ፤ የአንሙት አናት ላይ ጠብ! ጠብ!

ቀረ እንየው። አንሙት ወደ ሾላው የሚወስደውን መንገድ ሰባት ጊዜ ጀምሮ ሰባት ጊዜ ተመለሰ። በስምንተኛው እግሩ አፍሮበት ብቻውን ሄደና እሱን ጎትቶ አደረሰው። እንየው ከሾላው ሥር እንደ ወትሮው የሚጠራው ሰው እየጠበቀ ቆሟል።

"እንየው፣ ቋጥኝ አንሣልኝ። እትዬ የውብዳር ባንተ ቀንታ አልቀዳም አለች፤ ቀጥቃጩ በእሷ ቀንቶ አልቀጠቅጥም አለ፤ ላቀው በቀጥቃጩ ቀንቶ አልገምድም አለ። ጣሪያው ላይ..." ነብር ሊል አፉን ከፈተ።

"ጋሼ አንሙት፣" አለ እንየው ቀስ ብሎ፣ "ሣር ካቀበልኩህ በኋላ እኮ ከመሰላሉ ሥር ነበርኩ። ቀዳዳዋን ክፍቷን ትተሃት ስትወርድ አይቻለሁ። የእኔን ቦታ በስንዝር ስትለካም አይቻለሁ።"

የነብሩ ጅራት በአንሙት ጉሮሮ ውስጥ ቀረ።

"ለማን ተናገርክ?"

"ለማንም። መሰላል በአንድ እጅ አይወጣም እንጂ ራሴ እደፍናት ነበር።"

"ታዲያ በዐሥራ አንድ ሰዓት መጥተህ እኩል ስትበላ ያላቃጠለው ማን አለ?" አለ አንሙት፤ ጥፋቱን በቁጣ ሊሸፍን ፈልጎ።

"በዐሥራ አንድ ሰዓት የመጣሁ መሰለህ? በዚያን ለት ገና ሳይነጋ እዚሁ ቆሜ ነበር። ሣርህን ተሸክመህ በዚህ ስታልፍ፣ 'ጋሼ፣ ልምጣ?' አልኩህ። 'በአንድ እጅህ ምን ልትረባ?' ብለኸኝ አለፍክ። ላቀውም አለፈ። ቢያድግልኝም አለፈ። እትዬ የውብዳር እንኳ እንስራዋን ወደዚያ አዙራ አለፈች። እናንተ ስትሠሩ ዋላችሁ፤ እኔ መጠራትን ስጠብቅ ዋልኩ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያደክም በስንዝር ለካው እስቲ።"

አንሙት ስንዝሩን ዘርግቶ መልሶ አጠፈው።

"ያን ለት ደስ ያሰኘኝ ሙልሙሉ አልነበረም" አለ እንየው። "አባ ምሕረቱ 'ና፣ ለቤቱ ታስፈልጋለህ' ማለታቸው ነው። አሁንም ጠርተኸኛል። እንሂድ። ግን አንድ እጅ ይጎድለኛል፤ አንዱን አንተ ታዋጣለህ።"

ወደ ምንጩ ወረዱ። ቋጥኙ እርጉዝ ዝሆን ያክላል፤ ያላመነ ይሂድና ይለካው። እንየው አንድ እጁን ሰጠ፣ አንሙት ሁለት እጁን ሰጠ። በሦስት እጅ ገፉት። ቋጥኙም "ለካ ሦስት እጅ ነበር የምፈልገው" ያለ ይመስል ተንከባለለ።

ቋጥኙ ሲነሣ ምንጩ ተንፎለፎለ። እትዬ የውብዳር ይህን አይታ፣ "እኔን አፈር ያርገኝ፣ እንስራዬን አዙሬበት ነበር እኮ!" ብላ አንድ የተባለችውን ሁለት ቀዳች። ውኃው ሲመጣ ቀጥቃጩ፣ "ማን ነው ምንጩን የከፈተው?" ብሎ ጠየቀ። "እንየው" ሲሉት አንገቱን ደፍቶ ቢላዋውን አጋለ፣ ቀጠቀጠ፣ ነከረ፤ ሹሽ! ቢላዋው ሲሳል ላቀው ቃጫውን ፋቀ። አንድ ክንድ ተለምኖ ዐሥር ክንድ ገመደ። ገመዱ ሲደርስ አንሙት መሰላሉን ሊወጣ እግሩን አነሣ፤ አነሣና መልሶ አወረደ።

"ስሙኝማ" አለ። "አይጥም የለች፣ ሽኮኮም የለች፣ ዝንጀሮም የለች። ገመዱን የበላችው የእኔ ዓይን ናት።"

ማንም አልሳቀበትም። ኧረ እትዬ የውብዳር ስቃለች፤ ግን በነጠላዋ ሸፍናው ነው።

እንየው መሰላሉን በአንድ እጁ ደግፎ አወጣው። ከዚያ ሁሉም የረጠበውን ወለል ሊያብሱ ወደ ውስጥ ገቡ፤ አባ ምሕረቱም ገቡ። አንሙት ቀዳዳዋን ከመድፈኑ በፊት በእሷ አሾልቆ ወደ ታች አየ። ጎንበስ ብለው የሚያብሱ ራሶች ናቸው። የላቀው የትኛው ነው? የእንየውስ? የአባስ? አልለይ አለው። በማለዳ የመጣና በማታ የመጣ ከላይ ሲታይ አይለይም፤ ሁሉም ራስ ነው።

"እንዲህ ነው ለካ ከዚያ የሚያዩን" አለ ለራሱ፤ ደንግጦም ሽቅብ አንጋጠጠ። ስንት ዘመን ለአንድ ስንዝር ከሁለት ጣት የለፋ መስሎት ኖሯል። እሱም እኮ የተጠራ ነው! ይህን ሣር፣ ይህን ጣሪያ ማን በእጁ ሰጠው? ቀዳዳዋን በአንድ ክንድ ገመድ ጠፈራት፤ የተረፈውን ዘጠኝ ክንድ፣ ይህን ጊዜስ አውቆ፣ በእንየው ቦታ ላይ ደረበው። ከዚያ ወዲያ ያች ጣሪያ እንኳን ዝናብ ሐሜትም አታስገባም ይባላል።

ሲወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። የታቹ ሰው ሁሉ ሙልሙሉን ተቀብሎ እየበላ ነው። ዛሬ መጨረሻ የመጣው አንሙት ነው።

"አባቴ፣ ለእኔ... ተርፏል?"

"ያንተ የት ይሄዳል ልጄ" ብለው አባ ምሕረቱ አንድ ሙሉ ሙልሙል ሰጡት። የጣቶቹን ልማድ ታውቃላችሁ፤ ስንዝር ሊዘረጉ ቃጣቸው። ግን በአንድ እጁ ሙልሙሉን ይዟል፣ በሌላው የእንየውን ትከሻ አቅፏል፤ የሚለካበት እጅ አጣ። ሳይለካ ገመጠው። ጣፈጠው።

ተረቴም ከመሰላሉ ወረደች። ዳቦ ያላችሁ ቁረሱልኝ፤ ዘግይቼ መጣሁ ብላችሁ እንዳታሳንሱብኝ።