ሦስት ጊዜ የሚጠራ ስም

ኑ፣ ቀረብ በሉ ልጆቼ። ከኋላ የቆማችሁም አግዳሚው ላይ ቦታ አለ፤ ተጠጋጉና ተቀመጡ። ዛሬ ብዙ አላወራም። የአንድ ሰው ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

አንድ መምህር ነበር። አስራ ሰባት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ጠመኔ ጣቱን ያደረቀው ሰው። ስሙን አሁን አልነግራችሁም፤ ቆይታችሁ ሌላ ሰው ሲጠራው ትሰሙታላችሁ።

ይህን መምህር አንድ ቀን "የትምህርት ቤት አመራር ተማር፣ ርዕሰ መምህር ትሆናለህ" አሉት። በዚያ ዕድሜው እንደገና ተማሪ ሆነ። ሦስት ክረምት በዝናብ ዩኒቨርሲቲ ተመላለሰ። ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ ከላይኛው ተኛ። ሽበት የጀመራቸው መምህራን ፈተና ሲደርስ እንደ ሕፃን ሲሸመድዱ ያድሩ ነበር አለኝ። "አንዱማ ከእኔ ኮረጀ ጋሼ! ሃያ ዓመት ሙሉ ኮራጅ ሲያንበረክክ የኖረ ሰው እኮ ነው!" እያለ ያስቀኝ ነበር።

ደግ ትምህርት ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የተማረ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ስጨርስ "አባባ ትምህርትን ነቀፉ" እንዳትሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት ርዕሰ መምህር አድርገው መደቡት። የት? ራሱ ፊደል በቆጠረበት ትምህርት ቤት! እኔ የዚያ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። በር ላይ የተንጠለጠለችውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየመታሁ ልጆቹን የማስገባ።

ከረባቱን አስሮ መጣ። "ጋሼ ዘለቀ! አሁንም እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

"አንተስ፣ አሁንም ታረፍዳለህ?" አልኩት። ተቃቀፍን።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲው አንድ የመጨረሻ ሥራ ሰጠው። መምህር ሲያስተምር ክፍል ገብቶ እንዲያይ፣ ያየውንም በቅጽ እንዲመዝን። ውጤቱ ወረዳም ይሄዳል። በዚያ ዓመት ደግሞ ከሃምሳ በታች ያገኘ መምህር ከክፍል ወጥቶ ንብረት ክፍል እንዲቀመጥ ተወስኖ ነበር።

ማን ክፍል ገባ መሰላችሁ? መምህርት እናኑ ክፍል። አንደኛ ክፍልን ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማረች። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራት። እሱን ራሱን "ሀ" ያስባለችው!

የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ቀረ፤ ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ቅጹን ዘረጋ።

መምህርት እናኑ አንድ ልማድ ነበራት። ስም ከመጥራቷ በፊት መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ያለው ልጅ "አቤት" ብሎ ያልፋል። የቀረ ልጅ ሲኖር ግን ስሙን ሦስት ጊዜ ትጠራለች። ቀስ ብላ፣ በመሃሉ እየጠበቀች። ያን ቀንም አንድ ልጅ ቀርቶ ነበር።

"ሰዋለም ገበየሁ!" ዝም።

"ሰዋለም ገበየሁ!" ዝም።

"ሰዋለም ገበየሁ!" ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። "የት ነው ወንድማችሁ?"

"ቤቱ ነው ቲቸር! እናቱ ወልዳለች!"

"መንታ ናቸው ቲቸር! አንዷን እሱ ነው የሚያዝላት!"

"መንታ? ታዲያ ዝም ይባላል እንዴ?" ክፍሉ በእልልታ ተናወጠ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። "ነገም እንጠራዋለን" አለችና ትምህርቷን ጀመረች።

መምህሩ ሰዓቱን አየና ጻፈ።

በረፍት ሰዓት ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"እትዬ እናኑ፣ አይቀየሙኝ። ሠላሳ ስምንት ነው የመጣው።"

"ከስንት?"

"ከመቶ።"

"አይዞህ፣ አንተም የመጀመሪያ ፈተናህን ከዚህ በታች ነው ያመጣኸው።"

አልሳቀም። "ስም ጥሪ ብቻ አስራ አራት ደቂቃ ፈጀ። ጊዜ ባክኗል። መዝገቡ ላይ ምልክት አድርገው ማለፍ ይችሉ ነበር።"

"መስኮቱን ለምን እንደምከፍት ቅጹ ይጠይቃል?"

"አይ፣ አይጠይቅም።"

"ያልተጠየቅሁትን ምን ብዬ ልመልስ? ጻፍ ልጄ።" ብላ ዞረች። የበሩን እጀታ ለመያዝ ሁለት ጊዜ ስትስተው አየሁ።

እሱ ፖስታውን አሽጎ ወደ እኔ መጣ። "ጋሼ ዘለቀ፣ ይህን ነገ ወረዳ ያድርሱልኝ።"

ተቀበልኩት። ምን ልበል? ዘበኛ ነኝ። ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። "ቤታችሁ የት እንደነበር ታስታውሳለህ?"

"እዚያ፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት። ምነው?"

"ምንም። ነገ ጠዋት ስም ሲጠራ እዚያ ቁምልኝ።"

ምን ትዝ ብሎኝ ነው? ልንገራችሁ።

ስምንት ዓመቱ ነበር። ራሱን ጭርት ያዘው። እናቱ ላጭታ ጥቁር ቅባት ቀባችው። ልጆቹ "ጭርታም" አሉት። ሮጦ ቤቱ ገባ፣ አልወጣም አለ። እናቱ ለመነች፣ አባቱ ተቆጣ፤ እሱ አልጋ ሥር ተሸጎጠ።

መምህርት እናኑ ያን ጊዜ ልጅ እግር ናት። መስኮቷን ከፍታ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራች። በማግስቱም ጠራች። በሳምንቱም ጠራች። በአስረኛው ቀን የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር "ከመዝገብ ሰርዢው" አላት። "እሺ" አለች፤ በማግስቱ መስኮቱን ከፍታ ጠራችው!

በአስራ ዘጠነኛው ቀን፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው፣ ከአጥሩ ጀርባ አንዲት ቀጭን ድምፅ "አቤት!" አለች። መጀመሪያ "ጭርታም" ያለው ልጅ ሮጦ ወጣና እጁን ይዞ አስገባው።

ታዲያ ይህን ረሳው? ረሳው። ክፉ ሰው ሆኖ ነው? አይደለም። እኛስ ማን እንደጠራን ሁሉ ጊዜ እናስታውሳለን?

በማግስቱ ከአጥሩ ጀርባ ቆመ። ቤታቸው ፈርሷል፤ ባሕር ዛፏ ብቻ ቀርታለች። ፖስታው በእጄ ነው። መስኮቱ ተከፈተ። መምህርት እናኑ ስም ጠራች። ሰዋለምን ሦስት ጊዜ ጠራች። ከዚያ ቀና ስትል ከአጥሩ ባሻገር አየችው፤ መዝገቧን ዘጋች።

"እንየው ጫኔ!" አለች።

ልጆቹ ተያዩ። እንዲህ የሚባል ልጅ ክፍላቸው የለም።

"እንየው ጫኔ!"

እሱ ከረባቱን ያዘ።

"እንየው ጫኔ!"

"አቤት!" አለ። የአርባ ዓመት ሰው፣ በዚያች በቀጭኗ ድምፅ።

ፖስታውን ከእጄ ወሰደ። ከፈተው። "ባክኗል" የሚለውን ሰረዘና ከጎኑ "ከአስራ አራቱ ደቂቃ አንዷ የኔ ነበረች" ብሎ ጻፈ። ያየውን ሁሉ እንደገና መዘነ፤ ከሃምሳ አለፈች። ወረዳ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ጠየቀው፤ ቃሉን አላጠፈም። መምህርት እናኑ ሁለቱን ዓመት ከልጆቿ ጋር ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲው ለዚያ ሥራ "ሲ" የምትባለውን ዝቅ ያለች ውጤት ሰጠው። "በዕድሜዬ እንደዚያች ሲ ያስደሰተኝ የለም" ይላል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ መንታዎቹ ቤት ሄዶ፣ አንዷን ታቅፎ፣ ሰዋለምን ትምህርት ቤት እንዲልኩት እናትና አባቱን ለመነ።

ልጆቼ፣ እናንተ ዘንድሮ ክረምት ለዚህ የአመራር ትምህርት የምትሄዱ፣ ሂዱ። ተማሩ። ቅጹንም ሙሉ። ግን ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይህች ሴት መስኮቱን ለምን ትከፍታለች?

እናንተስ ቤት የምትመሩ፣ እድር የምትመሩ? በአስረኛው ቀን የሰረዛችሁት ስም የለም? ወንድም ነው? ምራት ናት? ጎረቤት ነው? እግዚአብሔር እኛን በአስረኛው ቀን ሰርዞን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ ማን ይቀመጥ ነበር?

አሁን ያ ክፍል የለም። ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ቸርኬዋም ወርዳ ኤሌክትሪክ ደወል ገብቷል። መምህርት እናኑም አርፋለች። እኔ ግን ጠዋት በዚያ ሳልፍ፣ እግሬ ራሱ ይቆማል። ጆሮዬን ወደ አጥሩ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ማዕድ ላይ ስትቀመጡ፣ የጎደለ ሰው ካለ ስሙን አንድ ጊዜ ጥሩት። ነገም ጥሩት። ስትጠሩትም፣ አደራችሁን፣ ያችን የተከፈተች መስኮት አስታውሱልኝ።