ጃርት የቀነሰው አጥር

ተረት ስላችሁ በረቱን ክፈቱልኝ።

አራዊት ጅብን ፈርተው ምንጫቸውን በእሾህ አጠሩት። በየዓመቱ እሾህ ሲደርቡበት በሩም ጠበበና መግባት አቃታቸው። የአህያ ውርንጭላ በውሃ ጥም ሊሞት ሲል እናቱ አንበሳ ፊት ቀርባ አለቀሰች። አንበሳም «እሾህ የሚያውቅ ይቀንሰው» ብሎ ጃርትን ሾመ።

ጃርት ጠንቃቃ ነበር። የበሩን እሾህ መነካካት አስፈራውና ማንም የማያልፍበትን የጓሮውን ነቀለ። የተነቀለው እሾህ ሜዳ ላይ ወድቆ እግር እንዳይወጋም ሰብስቦ በሩ ላይ ከመረው።

አህያ ውርንጭላዋን እየደገፈች መጣች።

«አያ ጃርት፣ በየት ልግባ?»

«እመት አህያ፣ እንኳን ደስ አለሽ! አጥሩ በግማሽ ቀንሷል።»

«በሩስ?»

«እኔ የታዘዝኩት አጥር እንድቀንስ ነው፤ ስለ በር የነገረኝ የለም።»

ይህን ጊዜ ጅብ ከምንጩ ዳር ቀና ብሎ አፉን ጠረገ።

«በጓሮ ዙሪ እንጂ፣ እመቤቴ! እንደ ልብ ያስገባል። ልጅሽንም እንዳትረሺው!»

አህያ ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደመጣችበት ሸሸች። ጃርት ግን ከኋላዋ ይጣራ ነበር።

«ኧረ ተመለሺ! አንዲት እሾህ እንኳ አልጨመርኩም እኮ!»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርና ውሃ አቅምሱኝ።