ሦስት በር፣ አንድ ምልክት

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ እንስሳ ሁሉ እንደ እኛ በሚያወራበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ።

በአንድ ገደል ሥር ሦስት በር ያለው ዋሻ ነበር። ላይኛውን በር ሽኮኮ፣ መካከለኛውን አይጥ፣ ታችኛውን ጃርት ይጠብቃሉ። በሩ ሦስት ይሁን እንጂ ውስጡ አንድ ነው፤ የሦስቱም ልጆች አብረው ይተኛሉ። ስለዚህ በሁሉም በር ምልክቱ አንድ ነበር፦ ሦስት ጊዜ ያንኳኳ ይገባል።

አንድ ቀን ልጅ ነጣቂው ሸለምጥማጥ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ኳኳታውን ሲቆጥር አይጥ አየው። ወዲያው፣ "ከአሁን ጀምሮ አምስት ነው" ብሎ አወጀ። ሽኮኮ ሰማች። ጃርት ግን ሥር ልትቆፍር ወጥታ ነበር።

ሽኮኮ ፈሪ ናት። ልቧ አላርፍ አላት።

"አያ አይጥ፣ እመት ጃርት ሰምተዋል?"

"አገር የሰማውን እሳቸው እንዴት አይሰሙም?"

አሁንም ልቧ አላርፍ አላት። ጃርት ስትመለስ ወደ ታችኛው በር ወረደች። ጃርት እሾኋን አንቀጫቀጨች።

"ዛሬም እንደ ወትሮው በርዎ ሰፋ ልትይኝ ነው? ይህን ጀርባ ተሸክመሽ በአንቺ ቀዳዳ እለፊ እስቲ።"

"ኧረ በሩስ ይስፋ፣ የእርስዎ ነው። እኔ የመጣሁት..."

"የመጣሽው?"

"እንዴት ዋሉ ልል ነው" አለችና ተመለሰች።

ገና በሯ ላይ ሳትደርስ ከታች ድምፅ መጣ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ዝም።

ጃርት የበሩን ድንጋይ መግፋት ጀመረች። ሽኮኮ በተኙት ልጆች መሃል ሮጠች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ደግማ ከፈተች፤ አሁንም የለም። በሦስተኛው ወጣላት።

"እመት ጃርት፣ አይክፈቱ፤ ምልክቱ አምስት ሆኗል።"

የሸለምጥማጥ አፍንጫ ግን ገብቶ ነበር። ጃርት ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። እሾህ በአፍንጫው ተሰክቶ እየጮኸ ሄደ።

"ቅድም ምነው ዝም አልሽ?" አለች ጃርት።

"ፈራሁዎት።"

"ከሸለምጥማጥ ይልቅ እኔን?"

አይጥም፣ "እኔ ከተናገርኩ ሁሉም የሰማ መስሎኝ" ብሎ አፈረ።

ከዚያ ወዲህ ምልክት ሲቀየር፣ ሦስቱም አዲሱን በየበራቸው አንኳኩተው ሳያሰሙ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። የበሩ ስፋት ግን እንደየጀርባቸው ቀረ።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ እናንተም ያዙት። የየራስ የሆነው ይለያይ፤ የጋራው ሕግ ግን አንድ በር ካልሰማው ገና አልተቀየረም።